ማጭዱ ከምን አለሽ ተራ፣ ሣሩ ከጓሳ

በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ በሚባለው ሠፈር ተጥሎ የሚቀር ዕቃ የለም። ቁራሌው በየመንደሩ እየጮኸ ከየጓሮው የሰበሰበው የዘይት ቆርቆሮ፣ የተቀደደ ጀሪካን፣ ያረጀ ጎማ፣ የተሰበረ አልጋ፣ የዛገ የቤት ክዳን ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚያ ነው። ያርፋል ሲባል ግን ይቀበራል ማለት አይደለም። በርሜሉ ተቀዶና ተቀጥቅጦ ምድጃ ወይም በር ይሆናል። ጎማው በረባሶና ገመድ ይወጣዋል። ጣሳው ኩራዝ ይሆናል። የከባድ መኪና ባሊስትራ ደግሞ በእሳት ግሎ፣ በመዶሻ ተደብድቦ ማረሻ፣ ዶማ፣ መጥረቢያና ማጭድ ሆኖ ይወለዳል። የሠፈሩ ስም ራሱ ጥያቄ ነው። ዕቃ ፈላጊ ለሴት ሻጭ የሚያቀርበው ጥያቄ፦ ምን አለሽ?

ወደዚህ ተራ የከተማው ሰው ብቻ አይደለም የሚመጣው። ለጉዳይ አዲስ አበባ የገባ ገበሬም ከመመለሱ በፊት ብቅ ይላል። ገበሬው የመንዝ ሰው ቢሆን ደግሞ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው በሁለት ነገሮች ላይ ነው። አንደኛው ከባሊስትራ የተሠራ ማጭድ ነው። ሁለተኛው ከፈረሰ ቤት የተነቀለና ዋጋው ከአዲሱ የሚቀንስ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ነው። ሁለቱም ዕቃዎች በአንድ አውቶቡስ ጣራ ላይ ተጭነው፣ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አድርገው፣ ወደ አንድ ደጋ አገር ይወጣሉ። ለአገሩ የያዙለት ነገር ግን የተለያየ ነው። ማጭዱ የጓሳን ሣር ለማጨድ ሲሆን፣ ቆርቆሮው ደግሞ ሣሩን የማያስፈልግ የሚያደርግ ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ ሕዝብ በራሱ ደንብ ለረዥም ዘመን ጠብቆ ካቆያቸው ቦታዎች አንዱ የሆነው ጓሳ ዛሬ ያለበት ፈተና በከፊል በእነዚህ ሁለት ዕቃዎች መካከል ያለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጓሳ ምን ዓይነት ቦታ ነው?

መንዝ ጓሳ በአማራ ክልል፣ በሰሜን ሸዋ ዞን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ ውርጫም አገር ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህላል። ከስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ የተዘረጋ በመሆኑ ግማሹ ውሃው ወደ አዋሽ፣ ግማሹም ወደ ዓባይ ይወርዳል። ስሙን ያገኘው ከበቀለበት ሣር ነው። ጓሳ ረዥም፣ ጠንካራና እንደ ችቦ እየተሰበሰበ የሚቆም ሣር ነው። ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ እረኛው ከዝናብ የሚከለልበት ገሳ ይሠራበታል። በድርቅ ዘመን ደግሞ ሌላው ሜዳ ሁሉ ሲነጣ ከብት የሚተርፍበት ጓዳ ነው።

በዚህ ሣር ውስጥ ሌላም ኑሮ አለ። ከኢትዮጵያ ውጪ በየትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ከቀሩት ጥቂት መኖሪያዎቹ አንዱ ይህ ሥፍራ ነው። በዓለም ላይ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች በሙሉ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም። ጭላዳ ዝንጀሮም በመንጋ ይሰማራበታል። ከ100 በላይ የወፍ ዓይነቶች ይታዩበታል። ጅብራውና አስታውም የዚሁ አገር ናቸው።

በጓሳ የተደረገ አንድ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ ለእረኛ ሁሉ የሚገርም ነገር አሳይቷል። ቀይ ቀበሮው በጭላዳዎች መንጋ መሐል ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል፤ ግልገሎቻቸውን አይነካም፤ እነርሱም አይሸሹትም። በመንጋው መሐል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን ግን የሚሳካለት 25ቱ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ አይጦቹን ሳያስወጡለት ወይም ሳያዘናጉለት አይቀሩም ተብሎ ይገመታል። ሣሩ ከሌለ ጭላዳውም አይጡም አይኖርም፤ ቀበሮውም አብሮ ይሄዳል። እንግዲህ አንድ ገበሬ ጓሳን ሲዘጋ የዘጋው ለቤት ክዳኑ ሲል ቢሆንም፣ ሳያስበው ይህን ሁሉ ፍጥረት አብሮ ዘግቶበታል ማለት ነው።

አስቦና ጌራ

የመንዝ ሽማግሌዎች ሲያወሩ ነገሩን የሚጀምሩት ከአስቦና ከጌራ ነው። ሁለቱ የአገሩ አቅኚ አባቶች ሲሆኑ፣ መሬቱን በፈረስ ግልቢያ ተካፈሉት ይባላል። ጓሳን ግን ለእርሻ ሳይሆን ለሣርና ለግጦሽ ብለው ለይተው አስቀመጡት። ይህም የሆነው በ17ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው ተብሎ ይታመናል። ከዚያ ጀምሮ ሥፍራው የሚተዳደረው ቀሮ በሚባል ሥርዓት ነበር።

ቀሮ ምን እንደነበረ ለአንድ የገበሬ ማኅበር መሪ ማስረዳት አያስቸግርም፤ ራሱ የሚያውቀው የአመራር ጣጣ ነውና። በአስቦ በኩል አንድ፣ በጌራ በኩል አንድ አለቃ በተጠቃሚው ሕዝብ ይመረጣል። አለቃው አባ ቀራ ወይም አፈሮ ይባላል። ሥልጣኑ አንድ ነገር ነው፦ መዝጋትና መክፈት። ጓሳ አንዴ ከተዘጋ ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም ሊቆይ ይችላል። በእነዚያ ዓመታት ሣር ማጨድ የለም፤ ከብት ማስገባት የለም፤ ማገዶ መልቀም የለም። ሣሩ ደርሷል ተብሎ ሲታመን አባ ቀራው ቀኑን ይቆርጥና በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ያስነግራል። የሚከፈተው የበጋው ጫፍ ላይ፣ በየካቲትና በመጋቢት አካባቢ ነው። ያን ጊዜ ሕዝቡ ማጭዱን ስሎ በአንድ ቀን ይወጣል። ሣሩ ከታጨደ በኋላ ከብቱ ይገባል። ክረምቱ ሲመጣ፣ ሐምሌ 5 ቀን የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ሰውም ከብትም ይወጣና እንደገና ይዘጋል።

ጥበቃው የአባ ቀራው ብቻ አልነበረም። በየአጥቢያው የተከፋፈለው ሕዝብ፣ አቅም ያለው ወንድ ሁሉ በተራው ወጥቶ መጠበቅ ግዴታው ነበር። ተራውን የዘለለ ይቀጣል። በሕገ ወጥ መንገድ ያጨደም ይቀጣል፤ ቅጣቱም ቤት እስከማቃጠል የሚደርስ ነበር። እዚህ ላይ አሮጌውን ሥርዓት በባዶ ማመስገን አይገባም። ቅጣቱ ጨካኝ ነበር። ከዚያም በላይ ጓሳ የሁሉም አልነበረም። መብቱ የአስቦና የጌራ ዘር ነኝ ብሎ መቁጠር ለቻለ ብቻ ነበር። በዘሩ የማይቆጠር ሰው እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አርጅቶ፣ ጎጆውን የሚከድንበት ሣር ግን በመብቱ አያገኝም ነበር። ሣሩ ለዘመናት ተጠብቋል፤ ከሣሩ አጥር ውጪ የቆመውም ሰው ለዘመናት ውጪ ቆሟል።

የካቲት 1967

የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑን ያወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በአዋጁ መሠረት በ20 ጋሻ መሬት አንድ እየሆነ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። የርስት ቆጠራው ቀረ። በመንዝም የቀሮ ሥርዓት የቆመበት መሠረት በዚሁ ተነሣ። ከዘር ቆጠራው ውጪ የነበረው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የጓሳ ባለመብት ሆነ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ፍትሕ ነበር።

የጎደለው ሌላ ነገር ነበር። የጓሳ ዙሪያ ገበሬ ማኅበራት መብቱን እኩል ሲያካፍሉ፣ የመዝጋቱን ሥልጣን ግን እንደ አባ ቀራው በአንድ እጅ የያዘው አልነበረም። አንዱ ማኅበር ቢዘጋ ሌላው ይከፍታል። ዛሬ ያላጨድኩትን ነገ ጎረቤቴ ያጭደዋል የሚለው ሐሳብ በገባበት ቦታ ሁሉ የሚሆነው ይታወቃል፤ ሣሩ ሳይደርስ ይታጨዳል። ከብቱ ክረምት ከበጋ ይገባል። ለማገዶ የሚሆነው ቁጥቋጦ ይለቀማል። ከዳር ያለው ገብስ አራሽም በየዓመቱ አንድ ትልም ወደ ውስጥ ይገፋል። አንድ ትልም ለዓይን አይታይም፤ በ20 ዓመት ግን እርሻ ይሆናል።

ገበሬ ማኅበራቱ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በቀሮ ፋንታ በእድር መልክ የተዋቀረ የጋራ ጥበቃ አቋቁመው፣ ከየማኅበሩ ሰው እየወከሉ ሥፍራውን ለመያዝ ሞክረዋል። የድሮውን ያህል ጥብቅ ባይሆንም ጓሳን ከእርሻ ያዳነው ይኸው ነው። በዙሪያው ያሉት ሌሎች ደጋ ሜዳዎች ታርሰው ሲያልቁ ጓሳ ጓሳ ሆኖ የቀረው፣ አሮጌው ደንብ በሰዎች ልብ ውስጥ ስለነበረና ማኅበራቱም ያን ደንብ ሙሉ በሙሉ ስላልጣሉት ነው። ይህ ለገበሬ ማኅበር መሪዎች ክብር ሆኖ መጻፍ ያለበት ጉዳይ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ግን የሚወራው ስለ አስቦና ስለ ጌራ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎችና የዱር አራዊት ጥበቃ ድርጅቶች፣ በተለይም የፍራንክፈርት የእንስሳት ማኅበር፣ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆነው የጓሳን አስተዳደር እንደገና አጠናከሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የአማራ ክልል ጓሳን በደንብ አጽድቆ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አደረገው። ማለትም እንደ ብሔራዊ ፓርክ መንግሥት የወሰደው ሳይሆን፣ ሕዝቡ የሚያስተዳድረውና ሕግ የሚቆምለት ቦታ ሆነ። ቀድሞ በቃል የነበረው ድንበር በወረቀት ሠፈረ። ዛሬ ገበሬ ማኅበር የሚለው ስም በብዙ ቦታ ቀበሌ በሚለው ቢተካም፣ የሥራው ጭነት ያው ነው፤ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ነው የሚዘጋውና የሚከፍተው።

ቆርቆሮው ያመጣው ጥያቄ

አሁን ወደ ምን አለሽ ተራው ቆርቆሮ መመለስ ይገባል።

የቀሮ ሥርዓት የቆመው በፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ በችግርም ነበር። ሣሩ ከሌለ ጎጆ የለም። ገመድ የለም። ገሳ የለም። ያንን የሚያውቅ ሰው ሌሊት በውርጭ ወጥቶ ሲጠብቅ ለቀበሮ ብሎ አልነበረም፤ ለራሱ ጣራ ብሎ ነው። ዛሬ ግን በየገጠሩ ቆርቆሮ ክዳን እየበዛ ነው። ለምን ይበዛል ብሎ መውቀስ አይቻልም። ሣር ክዳን እየተበላሸ ይለወጣል፤ እሳት ይፈራል፤ ያፈሳል። ቆርቆሮ የቤቱን ባለቤት ከዚህ ሁሉ ያሳርፈዋል። አዲሱን መግዛት ያልቻለም አሮጌውን ከምን አለሽ ተራ ይገዛል፤ ቀዳዳውንም ሬንጅ ይቀባዋል። የናይለን ገመድ የሣሩን ገመድ ተክቶታል፤ ላስቲክ ገሳውን ተክቶታል።

ነገር ግን በዚህ ሁሉ መካከል ጥያቄው ለመሪዎች ይመጣል። ለቤቱ ሣር የማይፈልግ ገበሬ የጓሳን ሣር ለምን ይጠብቃል? ተራው ሲደርስ ለምን ይወጣል? ሣሩን ከሚጠብቅ ይልቅ መሬቱን አርሶ ገብስ ቢዘራበት አይሻለውም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ወጣት በስብሰባ ላይ ቢነሣ፣ ሊቀ መንበሩ ምን ይመልስለታል?

በጓሳ በኩል የተገኘው መልስ አንድ አይደለም። ሣሩ አሁንም ለመኖና ለሽያጭ ይታጨዳል፤ የቆርቆሮ መግዣ የሌለውም ገና ብዙ ነው። ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ለማየት ለሚመጣ እንግዳ ማደሪያ ተሠርቶ፣ ገቢው ለአካባቢው ሕዝብ እንዲውል ተደርጓል። ለጥበቃና ለጥናት ሥራ ከየመንደሩ ሰው ተቀጥሯል። ነገር ግን የእንግዳ ገቢ የሰላም ልጅ ነው፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ይደርቃል። ስለዚህ በእርሱ ላይ ብቻ መደገፍ አይቻልም። ከሁሉ የሚጸናው መልስ ከጓሳ ሥር ያለው ውሃ ነው። ሣሩ ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ደጋው ቢታረስ ክረምቱ በጎርፍ ሄዶ፣ በጋው ምንጭ አልባ ይሆናል። በቆላውም በወይና ደጋውም ምንጩን የሚጠጣ ሰው፣ ጓሳን አንድ ቀን እንኳ አይቶት ባያውቅ፣ የጓሳ ባለ ጉዳይ ነው። በድሮው ቀሮ ውስጥ ይህ ሰው አልተቆጠረም ነበር። ምናልባት አሁን ሊቆጠር ይገባል።

ማገዶም አለ። ከጓሳ ቁጥቋጦ የሚለቀመው በአብዛኛው ለእንጀራ መጋገሪያ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። ይህን ምድጃ በየቀበሌው ማዳረስ ከብዙ ዘበኛ ይበልጣል።

የአምስተርዳም ቆሻሻና አንድ ሐይቅ

ይህ የመንዝ ሰው ብቻ ችግር እንዳይመስል፣ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ማምጣት ይጠቅማል። ሆላንድ እየተባለች የምትጠራው ኔዘርላንድ ከመንዝ ጋር በምንም አትመሳሰልም። መንዝ የደመና ጎረቤት ሲሆን፣ የኔዘርላንድ መሬት ሩብ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ነው። ባሕሩን የሚያግደው ሰው የሠራው የአፈር ግድብ ነው። ግድቡን የሚጠብቁት ግን ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የውሃ ማኅበር ያቋቋሙ ባለ መሬቶችና ገበሬዎች ነበሩ። ከመካከላቸው ተቆጣጣሪ ሽማግሌዎችን ይሰይማሉ፤ እያንዳንዱ ባለ መሬት የግድቡን አንድ ቁራጭ ይጠግናል፤ ድርሻውን ያልጠገነ ይቀጣል፤ ማደስ ያቃተው መሬቱን ትቶ እስከመሄድ ይደርስ ነበር። የአባ ቀራን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። እነዚያ የውሃ ማኅበራት እየተዋሐዱ ዛሬም አሉ፤ በምርጫም ይተዳደራሉ።

በዚያ አገር የመጀመሪያው ጥብቅ ሥፍራ የተወለደው ከቆሻሻ ጋር በተያያዘ ነገር ነው። ከአምስተርዳም ብዙም ሳይርቅ ናርደርሜር የሚባል ሸምበቆ የሞላበት ሐይቅ አለ። ባለ ሀብቶች እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ አድርቀው ሊያርሱት ሞክረው ውሃው እየመለሰ አሸንፏቸዋል። ስለዚህ የማይረባ ቦታ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1904 የአምስተርዳም ከተማ የነዋሪውን ቆሻሻ እዚያ ልድፋ ብሎ አቀደ። አምስተርዳም ምን አለሽ ተራ አልነበራትም ማለት ይቻል ይሆናል። ያኮብስ ታይሴና ኤሊ ሄይማንስ የተባሉ ሁለት መምህራን፣ ሐይቁ ምንቃሩ እንደ ማንኪያ የሆነው ነጭ ወፍ የሚፈለፈልበት መሆኑን ለሕዝቡ ሲያስተምሩ የቆዩ ነበሩና ተቃውሞው ተነሣ። የከተማው ምክር ቤት ዕቅዱን በጥቂት ድምፅ ልዩነት ጣለው። በ1905 ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1906 ማኅበሩ ሐይቁን ገዛው። ሸምበቆው መታጨዱና ዓሣው መጠመዱ ቀጠለ፤ ከሽያጩ የሚገኘውም ለጥበቃው ይውል ነበር።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ሐይቁ ተገዝቶ፣ ድንበሩ ተከልሎ ሳለ፣ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ መታመም ጀመረ። በዙሪያው ያለው እርሻ ውሃውን በፓምፕ ያስወጣል፤ የአካባቢው ከተሞችም የመጠጥ ውሃ ከከርሰ ምድር ይስባሉ። ሐይቁ ጎደለ። እንዳይደርቅ ከውጪ ውሃ ሲገባበት፣ የገባው ውሃ ማዳበሪያና ቆሻሻ የተቀላቀለበት ሆነና በሐይቁ ሥር የሚበቅለውን ተክል ጎዳ። በ1980ዎቹ የሚገባውን ውሃ የሚያጣራ መሣሪያ መትከል ግድ ሆነ፤ በኋላም በዙሪያው ያለው መሬት እየተገዛ ለሐይቁ መከለያ ሆነ። አጥሩ ውስጥ ያለውን ብቻ መጠበቅ እንደማይበቃ ሆላንዶች የተማሩት በዚህ ነው።

ሌላም የተማሩት አለ፤ እርሱም መራራ ነው። ዛሬ በኔዘርላንድ በአውሮጳ ኅብረት ሕግ የተከለሉ 160 ያህል ሥፍራዎች አሉ። ከከብት እበትና ሽንት በጋዝ መልክ የሚነሣው ናይትሮጅን በነፋስ ተጉዞ በእነዚህ ሥፍራዎች ላይ ያርፋል። መሬቱን ከልክ በላይ ያደልበዋል፤ በስስ አፈር ላይ መኖር የለመደውንም ተክል ሣርና ሳማ ይውጠዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት መንግሥት ይሠራበት የነበረውን የፈቃድ አሰጣጥ ጣለው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ገበሬዎች በሺህ የሚቆጠር ትራክተር ነድተው መንገድ ሞሉ። የከብት ቁጥር ይቀነስ የሚለው ነገር ከላይ የወረደባቸው እንጂ ራሳቸው የተነጋገሩበት አልመሰላቸውም። የውሃ ማኅበርን ለሰባት መቶ ዓመት ያቆመ የገበሬ ልጅ፣ የጥብቅ ሥፍራ ጠላት ተብሎ ሲጠራ መስማት ያሳዝናል። በአንዱ ጉዳይ ተካፋይ ነበር፤ በሌላው ተከሳሽ ሆነ።

ውሻና ድንበር

በጓሳም ከአጥር ውጪ የሚመጣ ነገር አለ። ፋብሪካ አይደለም፤ ውሻ ነው። ቀይ ቀበሮን በአገራችን በብዛት የጨረሰው ጥይት ሳይሆን፣ ከመንደር ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታና የውሻ ፈንግል ዓይነት ደዌ ነው። በባሌ ተራሮች በ1983 እና በ1984 ዓ.ም.፣ ከዚያም በኋላ በተደጋጋሚ፣ የቀበሮዎቹን ቁጥር በከፍተኛ ደረጃ የቀነሰው ይኸው በሽታ ነው። እረኛ በጓሳ ዳር ውሻውን አስከትሎ ሲውል፣ ሣር ባይነካም ቀበሮ ሊገድል ይችላል። የመንደር ውሾችን ማስከተብ ለቀበሮው ብቻ ሳይሆን ለልጆችም ሕይወት ነው። አንድ ማኅበር ይህን በስብሰባው አጀንዳ ለማስገባት ከእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ቀን መቁረጥ ብቻ ይበቃዋል።

ድንበሩም በየዓመቱ መታየት ይፈልጋል። ከላይ የተነገረው አንድ ትልም ጉዳይ በሕግ ከተጻፈም በኋላ አልቆመም። አራሹ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ልጁ አድጎ መሬት ስላጣ ነው። ይህን ለወጣቱ መሬት ማጣት መልስ ሳይኖረው ድንበር ብቻ የሚቆጥር መሪ፣ ቆጥሮ ቆጥሮ ይደክማል። በመንዝ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ ባናውና ዝተቱ፣ የጥንት ሙያ ነው፤ በጉም የደጋው ሀብት ነው። ያረሰውን ትልም ትቶ በሙያ የሚያድር ወጣት እንዲኖር ከተፈለገ፣ ለእርሱ የሚሆን የገበያ መንገድ መፈለግም የጓሳ ጥበቃ ሥራ ውስጥ ይገባል።

ከሁሉ በላይ ግን መሪዎች የሚነጋገሩበት ጉዳይ የመዝጊያና የመክፈቻው ቀን ነው። ቀኑን ማን ይቆርጣል? በአንድ ድምፅ ነው ወይስ ማኅበሩ ሁሉ ተስማምቶ? ሣሩ ያልደረሰበት ዓመት ድርቅ ቢመጣ፣ ከብት ይግባ የሚለው ጩኸት ሲበረታ፣ ማን እምቢ ይላል፤ ማንስ እሺ ይላል? ዘር የሚያስቆጥረው ቀሮ ለዚህ መልስ ነበረው፤ መልሱ ግን ሁሉን ያላቀፈ ነበር። የ1967ቱ ማኅበር ሁሉን አቀፈ፤ መልሱን ግን ለጊዜው ጣለው። አሁን በሕግ የተደገፈው የጓሳ አስተዳደር ሁለቱንም በአንድ እጅ ለመያዝ የሚሞክር ነው።

በምን አለሽ ተራ ቀጥቃጩ የባሊስትራውን ቁራጭ ከእሳቱ አውጥቶ ይመታል። ማጭዱ ጥርስ ይወጣለታል፤ እጀታ ይገባለታል። የመንዙ ገበሬ በአውራ ጣቱ ስለቱን ይሞክርና ገንዘቡን ከፍሎ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ከቆርቆሮው ጋር ወደ ላምበረት መናኸሪያ ይወስደዋል። ቆርቆሮው አገሩ በገባ በሳምንቱ ጣራ ላይ ይወጣል። ማጭዱ ግን ግድግዳው ላይ ይሰቀልና፣ ጓሳ ይከፈታል እስኪባል ይቆያል።